አልሄድ ያለው ባለሙያ እና የየውብዳር ፍየል

ስሙኝማ! «እንስማ» በሉ እንጂ፤ እኔ ለግድግዳ አላወራም። እንስማ? ጎሽ! እንግዲያው ጠጋ በሉ።

አንዲት ፍየል ነበረች። ሻሼ ይሏታል፤ አናቷ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ ነገር አለባት። ባለቤቷ የውብዳር ነች። የውብዳር ዋንዛ በር በምትባል ቆላ መንደር፣ ከባሏ ከአበጀና ገና ካልዳሁ መንታ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። መንታ መውለድ ደስ ይላል፤ ማጥባቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የየውብዳር ጡት ለአንድ ልጅ ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ ዛሬ ጥሩነሽ ከእናቷ ጠብታ አንዳርጌ የሻሼን ወተት ይጠጣል፤ ነገ ደግሞ አንዳርጌ ከእናቱ ጠብቶ ጥሩነሽ የሻሼን ትጠጣለች። የቤቱ ሀብት ይኸው ነው። ሌላው ጣራና አመድ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ዋንዛ በር ከቢሮ የተላከ ባለሙያ መጣ። የመጣው ድህነት ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ ነው። አሠራሩ ተለውጧል ተባለ፤ ድሮ ባለሙያው ያይ ነበር፣ አሁን የሚያየው ሕዝቡ ራሱ ነው። ሕዝቡ ራሱ ይከታተላል፣ ሕዝቡ ራሱ ይቆጥራል፣ ሕዝቡ ራሱ ያረጋግጣል፤ ባለሙያው እስክሪብቶ ይይዛል። ከመንደሩ ሰው ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሊቀመንበሩም አቶ ደምለው ሆነ። ኮሚቴው ባለሙያውን እያስከተለ ቤት ለቤት ይዞራል፤ በየቤቱ ምን አለ፣ ምን የለም ብሎ ያያል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ክፉ ነው ያለ አንድም ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው ወዲህ ነው። ዋንዛ በር ውስጥ እንግዳ ባዶ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ጎረቤት ያለውን ተሸክሞ ይሮጣል፤ አንዱ መቀመጫ፣ አንዱ ምንጣፍ፣ አንዱ ዕቃ። ጎረቤቴ ባዶዋን ከምትታይ እኔ መሬት ልቀመጥ ይላል። በእንግዳ ፊት «የለኝም» ማለት ነውር ነው። «ድሃ ነኝ» ማለትማ ጭራሽ አይነሳ! ድሃ የሚባለው ሁልጊዜ የማዶ ሰፈር ሰው ነው። የማዶ ሰፈርን ሰዎች ብትጠይቋቸው ደግሞ በአገጫቸው ዋንዛ በርን ያሳዩአችኋል።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለሙያው በአንዱ ቤት በፊት ለፊት ሲገባ ዕቃው በጓሮ ይወጣል። ከዚህ ቤት የታየው አግዳሚ ቀድሞ እዚያኛው ቤት ደርሶ ይጠብቃል። ፍራሹም እንዲሁ፣ ድስቱም እንዲሁ። ሻሼን ደግሞ አበጀ ራሱ ገና ሳትታለብ ፈትቶ ሰጣት። «ለአንድ ቤት ብቻ ነው፣ አሁን ትመለሳለች» አለ ለሚስቱ። ሻሼ ግን በዚህ ጓሮ ስትወጣ በዚያ ጓሮ ስትገባ አረፈደች። ኋላ ላይማ ኮሚቴውን ለመደችውና ገና ከሩቅ ስታየው መጮህ ጀመረች።

ባለሙያው ተደነቀ። «በየቤቱ አናቷ ነጭ የሆነች ፍየል! ዝርያ ማሻሻሉ እዚህ በደንብ ሠርቷል ማለት ነው» አለ።

ኮሚቴው ሻሼን ሳያውቃት ቀርቶ ነው? እያዩዋት ነው ያደገችው! ግን የጎረቤትን ገመና በእንግዳ ፊት ማን ይገልጣል? አቶ ደምለው ጉሮሮውን ጠረገና «ሠርቷል» አለ። ሌሎቹም ሠርቷል፣ ሠርቷል አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ጠዋት ዋንዛ በር ውስጥ የነበረው ድህነት ለምሳ ሳይደርስ አለቀ።

ጉብኝቱ ሲያበቃ ዕቃው ሁሉ የደረሰበት ቤት ቀረ። በዚህ መሀል አንዳርጌ ራበው። የዕለቱ ተራ የፍየል ነበረ። የውብዳር ጡቷን ሰጠችው፤ እህቱ ጨርሳዋለች። አበጀ እሽሩሩ አለው፣ ወደ ላይ ወረወረው፣ ጺሙን አስጎተተው፤ ልጁ ዝም አልል አለ። «አንተ ሰጠሃት፣ አንተ ያዘው!» አለችና ልጁን ታቅፎ እንደተቀመጠ ትታው ፍየሏን ፍለጋ ወጣች።

ሻሼን ያገኘቻት እንዬ ደጃፍ ላይ ታስራ ነው። እንዬ ባለፈው ሰሞን ያገባች ሙሽራ ናት።

«እንዬ፣ ፍየሌን ልውሰዳት፤ ልጁ ራበው።»

«ውይ እትዬ የውብዳር፣ አንቺን እምቢ ማለቴ አይደለም» አለች እንዬ፣ ገመዱን በእጇ ጥቅልል አድርጋ ይዛ። «ሰውየው ገና አልሄደም እኮ! እዚያ ግራሩ ሥር ተቀምጧል። ዞሬ አረጋግጣለሁ ብሏል አሉ። ቢመለስ፣ አግዳሚዬንም ወስደውብኛል፣ ፍየልም ከሌለ ምን ይዤ ልቀበለው? ባሌ ለሠርጌ የሠራልኝ አግዳሚ ጋሼ ጓንጉል ቤት ቀርቷል። አግዳሚዬ ይምጣና ያን ጊዜውኑ እፈታታለሁ።»

የውብዳር እሺ፣ እዚሁ ላልባት ብላ ቅሉን ይዛ ጎንበስ አለች። ሻሼ ግን ሲጎትቷት ያረፈዱባት ንዴት አልበረደላትም፤ ደግሞም ከገዛ ካስማዋ ሌላ ቦታ ታልባ አታውቅም። በእግሯ መታ ቅሉን አንከባለለችው። በመንደሩ የምትታለብ ፍየል እሷ ብቻ ናት፤ በወረቀቱ ላይ ግን በየቤቱ አለች። ከየቤቱ ፍየል አንድ ሲኒ ወተት ጠፋ!

አግዳሚው ካልመጣ እንዬ ፍየሏን አልፈታ አለች፤ ፍየሏ ካልመጣች ልጁ ዝም አልል አለ። የውብዳር ወደ ጋሼ ጓንጉል ሄደች።

ጋሼ ጓንጉል አግዳሚው ላይ ተጋድመው ጣራ ያያሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል።

«ጋሼ፣ አግዳሚውን ይልቀቁልኝ። አግዳሚውን ለእንዬ፣ እንዬ ሻሼን ለእኔ፣ እኔ ወተቱን ለልጄ።»

«አልነሳም!»

«ኧረ ጋሼ!»

«ነገርኩሽ፣ አልነሳም! ፍራሼን ወሰዱብኝ። ለአንድ አፍታ ነው ብለው አስካለ ቤት ዶሉት። አሁን ከዚህ ተነስቼ ወገቤን የት ላሳርፈው? አፈር ላይ? ያ ባለሙያ ልጅ ደግሞ መጥቶ ጓንጉል መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት ብሎ እንዲጽፍብኝ? ፍራሼ ይምጣ፣ አግዳሚውን ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።»

በዚያ ወገባቸው ተሸክመው ሲያመጡ ይታያችሁ! የውብዳር ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ የልጁ ለቅሶ ከወዲያ ማዶ ተሰማትና ሳቋ ጠፋ። ፍራሹ ካልመጣ ጓንጉል ከአግዳሚው አልነሳ አሉ፤ አግዳሚው ካልመጣ እንዬ ፍየሏን አልፈታ አለች፤ ፍየሏ ካልመጣች ልጁ ዝም አልል አለ።

ወደ አስካለ ሄደች። አስካለ ጠላ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ጠላዋን ያስንቃል።

«እትዬ አስካለ፣ በናትሽ ፍራሹን ስጪኝ። ፍራሹን ለጋሼ ጓንጉል፣ ጋሼ አግዳሚውን ለእንዬ፣ እንዬ ሻሼን ለእኔ፣ እኔ ወተቱን ለልጄ።»

«እንዴት ያለው ነገር ነው እናንተዬ!» አለች አስካለ፣ ወገቧን ይዛ። «የሁሉንም ተናገርሽ፣ የእኔን ድስት ማን ይናገርልኝ? ትልቁን ብረት ድስቴን ለመምሬ ሰጥቻለሁ። የቄስ ቤት ባዶ አይታይ ብዬ! ያለዚያ ድስት ነገ ንፍሮ ምን ላይ ልቀቅል ነው? ንፍሮ የሌለው ጠላ ማን ይጠጣልኛል? ድስቴ ሳይመጣ ፍራሹን የሚነካ ሰው አያሳየኝ!»

«ፍራሹ ምን አደረገሽ እትዬ? ፍራሽ ላይ ንፍሮ አይቀቀል!»

«አይቀቀልም። ግን መያዣ ነው» አለችና ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችበት።

ድስቱ ካልመጣ አስካለ ከፍራሹ አልወርድ አለች፤ ፍራሹ ካልመጣ ጓንጉል ከአግዳሚው አልነሳ አሉ፤ አግዳሚው ካልመጣ እንዬ ፍየሏን አልፈታ አለች፤ ፍየሏ ካልመጣች ልጁ ዝም አልል አለ። የውብዳር ነጠላዋን አጥብቃ ወገቧ ላይ አስራ ወደ መምሬ ቀለመወርቅ ሮጠች።

መምሬ ደግ ሰው ናቸው። ድስቱን አጥበው፣ ደፍተው፣ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ፤ ቸኩዬ ነው። ድስቱን ይስጡኝ። ድስቱን ለአስካለ፣ አስካለ ፍራሹን ለጋሼ ጓንጉል፣ ጋሼ አግዳሚውን ለእንዬ፣ እንዬ ሻሼን ለእኔ፣ እኔ ወተቱን ለልጄ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ድስቱ የእኔ አለመሆኑን አውቃለሁ» አሉ መምሬ በዝግታ። «ግን የደብሩን ጃንጥላ ደምለው ወስዶብኛል። ባለሙያውን ፀሐይ መታው አለና ከእጄ ነጠቀኝ ማለት ይቻላል። ነገ ንግሥ ነው፤ ታቦት በምን ጥላ ይወጣል? ለእኔ ሲሆን ማንም አይቸኩልም። ይህን ድስት ይዤ ካልተቀመጥኩ ጃንጥላዬን የሚያስታውስ ሰው አላገኝም። አስካለ ትምጣና ትጩህብኝ፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ለደምለው ይደርሳል።»

እውነታቸውን ነው፤ የአስካለ ጩኸት የማይደርስበት ቦታ የለም። ግን አስካለም ፍራሹን ትታ አትመጣም! የውብዳር ቆመች። እዚህ መንደር ውስጥ ክፉ ሰው የለም፣ አለች በልቧ። እንዬ ክፉ አይደለችም። ጋሼ ክፉ አይደሉም። አስካለ እንኳ ምላሷ ነው እንጂ ክፉ አይደለችም። ሁሉም ያለውን ሰጥቷል፤ ሁሉም ባዶ እጁን ቀርቷል፤ ሁሉም አንድ አንድ የሰው ዕቃ ጨብጦ አልለቅ ብሏል። ልጇ ግን በዚህ ሁሉ ደግነት መሀል ይራባል። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ጃንጥላው ካልመጣ መምሬ ድስቱን አልሰጥ አሉ፤ ድስቱ ካልመጣ አስካለ ከፍራሹ አልወርድ አለች፤ ፍራሹ ካልመጣ ጓንጉል ከአግዳሚው አልነሳ አሉ፤ አግዳሚው ካልመጣ እንዬ ፍየሏን አልፈታ አለች፤ ፍየሏ ካልመጣች ልጁ ዝም አልል አለ። እና ወደ ግራሩ ወረደች።

ግራሩ ሥር ባለሙያው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግራሩ ቅጠሉ ረግፏል፤ ስለዚህ አቶ ደምለው ከኋላው ቆሞ የደብሩን ጃንጥላ ዘርግቶለታል። ወርቃማ ዘርፉ በባለሙያው ጆሮ ዙሪያ ይወዛወዛል። ሊነግሥ የወጣ ነው የሚመስለው። የአቶ ደምለው ክንድ ዝሏል፤ ግን ሊቀመንበር ነው፣ ደከመኝ አይልም።

«ጋሽ ደምለው» አለችው በሹክሹክታ፣ እንግዳ ፊት ስለሆነ። «ጃንጥላውን ስጠኝ። ጃንጥላውን ለመምሬ፣ መምሬ ድስቱን ለአስካለ፣ አስካለ ፍራሹን ለጋሼ ጓንጉል፣ ጋሼ አግዳሚውን ለእንዬ፣ እንዬ ሻሼን ለእኔ፣ እኔ ወተቱን ለልጄ።»

«እብድ ነሽ እንዴ?» አለ እሱም በሹክሹክታ። «እንግዳ ፀሐይ ላይ ላስጣ? ዋንዛ በር እንግዳ አቃጠለ ይባል? ሰውየው ሳይሄድ ይህ ጃንጥላ አይታጠፍም።»

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«እሱን እኔም አላውቅም። አልሄድ ብሎናል።»

ባለሙያው ሹክሹክታውን ሰማና ዞረ። ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፤ ፊቱ በላብ ርሷል። «ምንድን ነው እህቴ?» አላት።

«ምንም አይደል ጌታዬ» አለች የውብዳር። «መቼ እንደሚሄዱ ነው።»

«መሄድስ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር!» አለ ባለሙያው፣ ልቡ ተነክቶ። «ምሳ አልበላሁም። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። የድሃው ቃል! አሠራሩ ግዴታ ነው፤ ከቀበሌው አንድ ድሃ ተነስቶ ችግሬ ይህ ነው፣ መፍትሔውም ይህ ነው ብሎ በራሱ አንደበት መናገር አለበት። ያለዚያ ቢሮው ሥራዬን አይቀበለኝም። እኔ ግን እዚህ ድሃ አጣሁ! በየቤቱ ገባሁ፤ ፍየል አለ፣ አግዳሚ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ድስት አለ። ኮሚቴውን አንድ ድሃ ፈልጉልኝ ብል ለጊዜው የለንም አሉኝ።»

«ለጊዜው የለንም» አለ አቶ ደምለው በኩራት። «ካስፈለገ ከማዶ ሰፈር እናስመጣለን።»

እስቲ እዩት! ድሃ ካልተገኘ ባለሙያው አልሄድ አለ፤ ባለሙያው ካልሄደ ደምለው ጃንጥላውን አላጥፍ አለ፤ ጃንጥላው ካልመጣ መምሬ ድስቱን አልሰጥ አሉ፤ ድስቱ ካልመጣ አስካለ ከፍራሹ አልወርድ አለች፤ ፍራሹ ካልመጣ ጓንጉል ከአግዳሚው አልነሳ አሉ፤ አግዳሚው ካልመጣ እንዬ ፍየሏን አልፈታ አለች፤ ፍየሏ ካልመጣች ልጁ ዝም አልል አለ።

ልጁም ያው እያለቀሰ መጣ፤ አበጀ ቢጨንቀው ታቅፎት ወርዷል። ከኋላው ሰው ተከተለ። እንዬ ሻሼን እየጎተተች መጣች፣ ትታት መምጣት ፈርታ። አስካለ ፍራሹን በራሷ ላይ አድርጋ፣ መምሬም ድስቱን ታቅፈው መጡ። ጋሼ ጓንጉል ብቻ ቀሩ፤ ወገባቸውን ነው። መንደሩ ግራሩን ከበበው። የአንዳርጌ ድምፅ ደግሞ ጎርነን ማለት ጀምሯል፤ አለቀሰ አለቀሰና ማልቀሱ ራሱ ደከመው።

«እስቲ ከእናንተ መሀል» አለ ባለሙያው ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ድሃ ነኝ የሚል አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አስካለ እንኳ ዝም አለች፤ አስካለ ዝም ስትል ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

የውብዳር ያን ቃል በሕይወቷ በሰው ፊት ተናግራው አታውቅም። እናቷም ሳትናገረው ነው የሞተችው። ባሏን አየችው፤ ገባውና ተዪ በሚል ዓይን አያት። ልጇን አየችው።

«እኔ» አለች። «እኔ ድሃ ነኝ።»

«አንቺ ሴት!» አለ አበጀ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አቶ ደምለው ጃንጥላውን ሊጥለው ነበር። «ኧረ ነውር ነው የውብዳር!» አለ። «ትቀልዳለች ጌታዬ፤ ቀልድ ትወዳለች።»

ባለሙያው ግን የጠፋ ዕቃው የተገኘለት ሰው መሰለ። «ተዋት፣ ተዋት!» አለ። እስክሪብቶውን መዘዘ። «በጣም ጥሩ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንግዲህ እህቴ፣ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ። ዋናው ችግርዎ ምንድን ነው?»

«ወተት።»

«የወተት እጥረት» እያለ ጻፈ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እርስዎ ከመጡ ጀምሮ።»

እስክሪብቶው ቆም አለ። ግን ሥልጠና ላይ የሕዝቡን ቃል እንዳለ ተቀበሉ ብለውታልና ቀጠለ። «እሺ። ምን ቢደረግልዎ ድህነቱ ይቀንስልኛል ይላሉ?»

«እርስዎ ቢሄዱልኝ።»

«አቤት?»

«ይሂዱልኝ ጌታዬ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ በደህና ይምጡ። እርስዎ ሲሄዱ ጋሽ ደምለው ጃንጥላውን ለመምሬ ይመልሳል። ጃንጥላው ሲመጣ መምሬ ድስቱን ለአስካለ ይሰጣሉ። ድስቱ ሲመጣ አስካለ ፍራሹን ለጋሼ ጓንጉል ትለቃለች። ፍራሹ ሲመጣ ጋሼ ከአግዳሚው ይነሳሉ። አግዳሚው ሲመጣ እንዬ ፍየሌን ትፈታልኛለች። ፍየሌ ስትመጣ አልባለሁ፤ ሳልብ ልጄ ይጠጣል። ሌላ ችግር የለብኝም። ያቺም ፍየል አንድ ናት ጌታዬ፤ የትም ቤት ያዩዋት እሷኑ ነው። ድስቱም አንድ ነው። ፍራሹም ያውና አስካለ ራስ ላይ ነው።»

ባለሙያው ፍራሹን አየ። ሻሼን አየ። ሻሼም አየችው፤ ሲያያት ስላረፈደ ታውቀዋለችና ጮኸችበት። ከዚያ ዓይኑ ጉልበቱ ላይ ወዳሉት ወረቀቶች ወረደ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሁሉ ሲገባው ይታያል፤ ቀስ በቀስ፣ ቤት በቤት፣ ፍየል በፍየል። እውነት ፍለጋ መጥቶ ነበር፤ እውነት ራሷ እግሩ ሥር ቆማ ትናገራለች። ሰምቻለሁ ካለ ሁሉንም እንደገና መጀመር አለበት፤ ይህን ያህል የተሠራ ሥራ! አልሰማሁም ካለ ግን መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ብድግ አለ። «ለካ ሰዓቱም ሄዷል!» አለ፣ ሰዓቱን ሳያይ። «ሾፌሩ ይጠብቀኛል። ኅብረተሰቡ ችግሩን ለይቷል፣ መፍትሔውንም ራሱ አመላክቷል። ይህ ነው የምንፈልገው!» ከጃንጥላው ሥር ወጣ፤ በዚያ ፀሐይ ራሱን በወረቀቱ ሸፍኖ ወደ መኪናው እየሮጠ ወረደ። ለድህነት ከወጣው ዕቅድ ሁሉ መሀል ሙሉ በሙሉ፣ ያውም በዕለቱ የተፈጸመ መፍትሔ ይኼው አንዱ ነው።

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ባለሙያው ሄደ፤ ደምለው ጃንጥላውን አጠፈ። ጃንጥላው ታጠፈ፤ መምሬ ድስቱን ሰጡ። ድስቱ ተሰጠ፤ አስካለ ፍራሹን ጓንጉል ቤት ጣለች። ፍራሹ ተነጠፈ፤ ጓንጉል እህ ብለው ከአግዳሚው ተነሱ። አግዳሚው ደጃፍ ወጣ፤ እንዬ ገመዱን ለቀቀች። ገመዱ ተለቀቀ፤ ሻሼ ወደ ገዛ ካስማዋ በሩጫ ሄደች። ሻሼ ካስማዋ ጋ ቆመች፤ ወተቱ በቅሉ ውስጥ ጮኸ። ወተቱ ሞቅ ሞቅ አለ፤ አንዳርጌ ጠጣ።

ጠጣ፣ ጠጣና በመሀሉ አንዴ ተንሰቀሰቀ፤ ያለቀሰው ሁሉ ገና አልወጣለትም ነበር። ከዚያ ዝም አለ። አበጀ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ቃሉ ገና አልለቀቀውም፤ ግን የልጁ ዝምታ ሲሰማው ትከሻው ወረድ አለ።

እንዬ አልሄደችም። ሻሼን እንዳትራገጥ በቀንዷ ይዛላት ነበር። ከታለበች በኋላም ይዛት ቆመች።

«እትዬ የውብዳር» አለች፣ ቀስ ብላ። «ያን ቃል ስትዪው እኔ ከኋላሽ ነበርኩ።»

«አየሁሽ።»

«አፌ ላይ ነበር እኮ። እኔም ልለው ነበር። ከአግዳሚው በቀር ምን አለን? እሱኑ ነው ተራ በተራ የምንተኛበት። አስካለም ልትለው ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጋሽ ደምለው ራሱ… ሁላችንም ልንለው ነበር።»

የውብዳር የልጇን አፍ በጣቷ ጠረገች። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል።

«ቀድመሽኝ ብለሽው ቢሆን፣ ልጄ ቀድሞ በጠጣ ነበር» አለች።

እንዬ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያም ሄዳ አግዳሚዋን ከጋሼ ጓንጉል ደጃፍ አነሳች። ተረቱ አለቀ፤ እኔ የነገርኳችሁን ለሌላ ንገሩ፣ የተዋሳችሁትን ዕቃ ግን ለባለቤቱ መልሱ!